ዓይኔ መስሎኝ ነበር

ባለቤቴ በሞተበት ዓመት፣ ጥቅምት ሲገባ፣ የኩሽናችን መብራት ጠፋ። የጠፋው ባንዴ አይደለም። ከቁም ሳጥኖቹ ስር የተገጠመችው ረጅሟ ፍሎረሰንት ጥቂት ቀን ብልጭ ድርግም ስትል ሰነበተች፤ ጫፎቿ ጠቆሩ፤ አንድ ጠዋት ማብሪያውን ስጫነው ምንም አልመጣም። ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ የራሱ የሆነች ትንሽ መብራት አለችው። እሷን አብርቼ ሻይ አፈላሁ። በማግስቱም እንደዚያው አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ የኩሽናችን መብራት እሷ ሆነች።

የምንኖረው ስዊድን፣ ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር፣ ከሜትሮው ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አማቴ ነበርን። አማቴ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ወደዚህ አገር የመጡት የስደተኛ ሕጉ እንዲህ ሳይጠብቅ በፊት ነው። ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ምሳውን ቋጥሮ ወጣ፤ በእረፍት ሰዓት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ልቡ ቆመ። አልታመመም ነበር። ጠዋት ሲወጣ ያለኝ የመጨረሻ ቃል ወተት አልቋል የሚል ነው።

ለቅሶው እንደ ደንቡ ሆነ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከኡፕሳላ ድረስ የመጡ ነበሩ። ፍታቱ ተፈታ፣ አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ተመለስኩ። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ በሽተኛ አጥባለሁ፣ ሰው እንዳይወድቅ ክንዱን ይዤ እስከ መታጠቢያ ቤት አደርሳለሁ። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እል ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ጥርስ ለመንቀል ማደንዘዣ ሲወጉት ድድ እንደሚሆነው ነበርኩ። በጣቴ ብነካው አለ። ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

ኅዳር ላይ ደግሞ የኮሪደሩ አምፖል ተቃጠለ። ሳሎን ያለው መብራት ሦስት አምፖል ነበረው፤ አንዱ በበጋው ሄዷል፣ ሌላው መቼ እንደሄደ አላስተዋልኩም። የቀረው አንድ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ በገጠመው ዲመር፣ ብርሃኑን ዝቅና ከፍ በሚያደርገው ማዞሪያ፣ ዝቅ እንዳለ ትቼው ነበር። በቤታችን አምፖል የእሱ ሥራ ነበር። ማንም ሳያዝዘው፣ ብዙ ጊዜም እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ይቀይረዋል፤ ተቃጥሎ እንደነበር እንኳ ሳላውቅ። የትኛው አምፖል የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጨለማው አልከፋኝም። ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከላይ የሚወርድ ነጭ ብርሃን ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ወጥቼ፣ በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ ሳይጋመስ በሚጨልመው መንገድ አልፌ፣ ጨለም ያለ ቤት ስገባ ምንም የሚጠይቀኝ ነገር አልነበረም። ኮቴን በዳበሳ እሰቅላለሁ። አማቴ መስኮት አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ ናቸው። "ደህና ዋሉ እማማ?" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ ልጄ?" ይላሉ። ያገኘነውን እንቀምሳለን። ሌላ ወሬ የለንም።

እሳቸው በዚያ ሰሞን ተለውጠው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የሚወዱት ሥራ ነበራቸው፤ ያልታጠፈ ልብስ አጥፈው፣ ያልተጠራረገ ጠርገው ነው የሚቀመጡት። ያን ሁሉ ተዉት። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ገልጠው የሚያነቡ ሰው፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳይገልጡት በቃላቸው ይሉታል። ከወንበራቸው ሲነሱ እጃቸው ቀድሞ ግድግዳውን ይፈልጋል። ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅ የቀበረ ሰው ነው፤ ምን ይገርማል?

አንድ የእረፍት ቀኔ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀስ እያሉ መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ ሄዱና እጀታውን አገኙት፤ ዞሩና መመለስ ጀመሩ።

"እማማ፣ ምነው?"

ዓይናቸውን ገለጡ። "ምንም። እግሬን ላፍታታው ብዬ ነው።"

አመንኳቸው። ወይም ማመንም አለማመንም ሳይሆን፣ አልፌ ሄጄ ሻይ ጣድኩ።

አንድ ልጅ አለችን። ስፖንጋ ውስጥ የአንድ ቪላ ምድር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ሥራዋ ቢሮ ነው። የምትመጣው እሑድ እሑድ ለምሳ፣ ቀን ገና ሳለ ነበር፤ ስለዚህ የቤቱን ሁኔታ አላየችም። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ከአያቷ ጋር ብቻ አማርኛ ትሞክራለች፤ እሱም "እርስዎ" ማለት ስለማይሆንላት "አንቺ" ነው የምትላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይኸን ይወዱታል። "በዚህ ቤት እኩያዬ እሷ ብቻ ናት" ይላሉ።

በኅዳር ማለቂያ አንድ ቅዳሜ ሳትነግረን መጣች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጭው ጨልሟል። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች፤ የኮሪደሩን ማብሪያ ቀጭ ቀጭ ስታደርገው ሰማሁ። ሳሎን በር ላይ መጥታ ቆመች። አማቴ ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ፣ ከላይ ዝቅ ያለችው አንዲት አምፖል፣ ከኩሽና የምትመጣ ትንሽ ብርሃን መሬቱ ላይ።

"ለምንድን ነው ጨለማ ውስጥ የተቀመጣችሁት?" አለች በስዊድንኛ።

"አምፖሎቹ ተቃጥለው ነው" አልኳት።

አማቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ምን አለች?"

"ለምን ጨለማ ውስጥ ተቀመጣችሁ ነው የምትለው።"

"ጨለማ ነው እንዴ?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ላንቺም ጨለማ ነው?"

"ለኔም ጨለማ ነው።"

እጃቸውን አንስተው ፊታቸው ፊት ያዙትና አዩት፤ አገላበጡት። "እኔኮ" አሉ፣ "ዓይኔ መስሎኝ ነበር።"

አንደኛው ዓይናቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሞራው ተነሥቶለታል። ሌላኛው ላይ ሞራ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙም አንድ ቀን መሠራቱ አይቀርም ብሏቸዋል። ኩሽናው ሲጨልም፣ ኮሪደሩ ሲጨልም፣ ሳሎኑ ሲደበዝዝ፣ ቀኑ መጣ ብለው ነው የያዙት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው አብረው እየሄዱ መሰላቸው። ቀን በመስኮቱ የሚያዩትን ጥቂት ብርሃንም የዓይናቸው ቅሪት አድርገው ቆጠሩት። እኔ ምንም ሳልል ወጥቼ ስገባ፣ ለኔ መብራቱ በርቶልኝ የሚታየኝ መሰላቸው። ስለዚህ ለብቻቸው ዕውርነትን መማር ጀመሩ። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት እስከ ወንበር። ስኳሩና ቡናው ያሉባቸውን ጣሳዎች በክዳናቸው ለዩ። የቀረውን ለእግዚአብሔር ሰጡ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ባልሽን ቀብረሽ ደግሞ ዕውር ልጨምርብሽ?"

ይኸን የተናገሩት ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነው። ልጄ ሁሉንም ሰምታለች። ኮቷን እንደለበሰች አያቷ እግር ስር መሬት ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሳቸው ራሷን እየዳሰሱ "በይ ተይ፤ ጥሩ ወሬ እኮ ነው፤ አለመታወሬን አወቅሁ" ይሏታል። እኔ ቆሜ አየኋቸው። አንድ ነገር ሊሰማኝ የሚገባበት ጊዜ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ወደ ኩሽና ሄጄ ውሃ ቀድቼ አመጣሁ፤ ከዚያ ለማን እንደቀዳሁት ስላላወቅሁ ራሴ ጠጣሁት።

"ምድር ቤት አምፖል አለ" አልኳት ለልጄ። ነበረም። ሕንፃው ስር ለየቤቱ የተመደበ፣ በሽቦ የታጠረ የዕቃ ማከማቻ አለን፤ እዚያ ውስጥ ባለቤቴ አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ የድሮ አምፖል አስቀምጧል። የድሮው ዓይነት፣ መሐሉ ሽቦ የሚግልበት። ከገበያ ሊወጣ ነው ሲባል ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ገዝቶ ያከማቸው ነው። ቆጣቢ የሚባሉት አምፖሎች መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሞክሯቸው ነበር፤ ሲያበሯቸው እየተጎተተ የሚነሣ፣ ሰማያዊ የሚል ብርሃን ነበራቸው። "ይሄ ቁጭ ብሎ የሚበላን ሰው ሬሳ ያስመስላል" ብሎ ፈትቶ ጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ሰዎች ሁሉ ኤልኢዲ ወደሚባሉት አዲሶቹ አምፖሎች ሲዞሩ እሱ ከካርቶኑ አልወጣም።

ወርደን ካርቶኑን ከፈትነው። ልጄ አንዱን አምፖል አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። "አይ፣ እማዬ" አለች፣ በስዊድንኛዋ። ይኼ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚጠፋው፤ ኤልኢዲው የዚህን ጥቂቱን በልቶ ያንኑ ያህል ያበራል፤ አንዴ ከተገጠመ ደግሞ ለዓመታት መሰላል መውጣት የለም፤ ማን ይወጣል ደግሞ፣ አንቺ ወይስ አያቴ?

"በዚህ ብርድ ሙቀቱስ ምን ይጎዳል?" አልኳት።

"የቤቱ ማሞቂያ ኪራዩ ውስጥ ነው። የምትከፍዪው ለመብራቱ ነው።"

ያልኩት የራሴ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ሙቀቱ ምን ይጎዳል የሚለው እሱ ነበር፣ ቃል በቃል። እኔ በአምፖል ጉዳይ ምንም ሐሳብ ኖሮኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሦስታችንም ኩንገንስ ኩርቫ ወዳለው ትልቅ ሱቅ ሄድን። አማቴ ካልሄድኩ ብለው ነው፤ ያልታወረ ሰው ቤት አይቀመጥም አሉ። የመብራት ክፍሉ ጣሪያ ላይ የሚሸጠው መብራት ሁሉ በርቶ ተሰቅሏል። አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በዚያ ስር በዝግታ ሄዱ፤ ሻማ ያዥ፣ ኳስ፣ ደወል የሚመስለውን ሁሉ እያዩ። እኔ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። የማውቀው አርባ ዋት እና ስድሳ ዋት የሚባል አምፖል ነበር፤ አሁን ያ ቁጥር ስለ ብርሃኑ ምንም አይናገርም። አንድ ሌላ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያበራ ይነግራል፤ ሌላው ቀለሙን፣ ወደ ቢጫ ይሁን ወደ ነጭ። ልጄ ታነባለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ለማሳያ የተገጠሙ አምፖሎች ነበሩ፤ እየተጫኑ የሚታዩ። አማቴ መጀመሪያ ቢጫውን ተጫኑ፤ አለፉት። ነጩን ሲጫኑ እጃቸውን ከስሩ አስገብተው የመዳፋቸውን መስመሮች ተመለከቱ።

"ይሄ ነው" አሉ። "ይሄ ቀን ነው።"

ነጩን ገዛን። ለሳሎን፣ ለኮሪደር፣ ለመታጠቢያ ቤት።

ቤት ስንገባ ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ ገጠመች፤ እኔ አቀብላለሁ። እንዴት እንደሚፈታና እንደሚጠብቅ በዚያው አሳየችኝ፤ የመጨረሻውን እኔ ገጠምኩት። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነችው።

ሳሎኑ አቧራ ነበር። ሶፋው ላይ የማላውቀው እድፍ ነበር። አማቴ ጥግ ጥጉን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩና እኔ ላይ አረፉ።

"እስቲ ቅረቢ" አሉ። ቀረብኩ። አገጬን በሁለት ጣት ይዘው ፊቴን ወደ መብራቱ አዞሩት፤ እኔ በሽተኞቼን እንደማደርገው። "መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?"

"እኔንጃ፣ እማማ።"

"ጠጉርሽስ?"

ቀለም መቀባቱን ከመጋቢት ወዲያ ትቼዋለሁ። ሥሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። ለቀቁኝና ግድግዳው ላይ ወዳለው የልጃቸው ፎቶ ሄዱ፤ ፊታቸውን ከመስታወቱ ጋር ሊነካካ አድርሰው ብዙ ቆሙ። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት። "እንዲህ ነበር ለካ" አሉ። ሲጨልምባቸው ከሁሉ በፊት ያጡት የእሱን ፊት እንደሆነ፣ በጥቅምት ውስጥ ፎቶው ላይ ግንባሩን ከቆቡ መለየት እንዳቃታቸው፣ ያኔ ነው የነገሩን።

ከዚያ ቀን ወዲያ እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዳዊቱ ተገለጠ። ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እድፉን ከሶፋው ላይ በሆምጣጤ አወጡት። የኩሽናውን ጉዳይ ለአከራዩ ስልክ ደውዬ ተናገርኩ፤ ጥገና ሠራተኛው መጣና ያ ዓይነት ፍሎረሰንት ከእንግዲህ እንደማይሸጥ ነግሮኝ ዕቃውን በሙሉ ነቅሎ በኤልኢዲ ቀየረው። ያልከፈልኩበት እሱ ብቻ ነው።

የተቀረው ልጄ እንዳለችው ሁሉ አልሆነም። የሳሎኑ ዲመር ከአዲሶቹ አምፖሎች ጋር አልተስማማም፤ ንብ የገባበት ይመስል እዝዝ ይላል፣ ብርሃኑም አንዳንዴ ይርገበገባል። ማሸጊያው ላይ በጥቃቅን ፊደል ከዲመር ጋር አይሠራም የሚል ተጽፎ ነበር፤ አላየነውም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ተራ ማብሪያ ተገጠመ፤ የሠራተኛው ዋጋ አምፖሎቹን ሁሉ አስናቀ። መታጠቢያ ቤት ያለው ደግሞ በመስታወት ኳስ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ገና ሳይከርም ሞተ። ለዓመታት ይቆያል የተባለው ነው። ልጄ አፈረች። "ለዝግ ቦታ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ" አለች፤ ገዝታ አመጣች፤ እሱ እስካሁን አለ።

እኔ ግን ሳሎን መቀመጥ አቃተኝ። ከሥራ ስመለስ በሩን ስከፍት ያው ሥራ ቦታዬ ነው። አማቴ ከዚያ ብርሃን ስር ሲቀመጡ እንደ በሽተኛ ይመስሉኛል፤ ልነሣና የደም ግፊታቸውን ልለካ ይቃጣኛል። ምግቤን ይዤ መኝታ ቤቴ መግባት ጀመርኩ።

"ትሸሺኛለሽ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"መብራቱን ነው፣ እማማ። እርስዎን አይደለም።"

"እኔን ያሳየኛል፤ አንቺን ያባርርሻል። ምን ይሻላል?"

ምን እንደሚሻል አላወቅንም። የኔንና የእሳቸውን ለማስታረቅ ሶፋው አጠገብ የምትቆም መብራት አመጣንና ቢጫ አምፖል ገጠምንላት፤ እሳቸው ሥራቸውን ሲጨርሱ ትልቁን አጥፍተው እሷን ያበሩልኛል። ያኔ እወጣለሁ። ግን እሳቸው በዚያ ሰዓት አያዩም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። መብራቱ አንዳችንን ሲመች ሌላችንን የማይመች ሆነ።

ከገና በኋላ ልጄ ያንን ካርቶን አስወግጂው አለችኝ። ምድር ቤት ወርጄ ተሸክሜው ስወጣ፣ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ከትቬትስቱጋው፣ ከጋራ ልብስ ማጠቢያው፣ ሲወጡ አገኘኋቸው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት "ሄይ" ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ አረፈ።

"የባልሽ አምፖሎች ናቸው?" አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም። "አዎ። ልጥላቸው ነው።"

"ኧረ አትጣያቸው" አሉ፤ ከዚያ ስለተናገሩት እንደማፈር ብለው መሬት መሬት አዩ። አዲሶቹ አምፖሎች ራሳቸውን ያሟቸዋል፤ ለሌላ ሰው የማይታይ መርገብገብ እሳቸውን ያማቸዋል። ይኸን አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ለባለቤቴ ነግረውት ኖሯል፤ በዚያው ሰዓት ወርዶ ከካርቶኑ አምጥቶ ገጥሞላቸዋል። ከዚያ ጀምሮ ሲቃጠልባቸው እሱ ነበር የሚቀይርላቸው። ከመጋቢት ወዲያ ማንም አልቀየረላቸውም። በራችንን ሊያንኳኩ አስበው ሐዘንተኛ ቤት በአምፖል ጉዳይ አይንኳኳም ብለው ተዉት።

አብሬያቸው ገባሁ። ቤታቸው ያው የኛ ቤት ነው፣ ክፍሉም መስኮቱም፤ የኅዳሩን ቤታችንን ይመስላል። አንድ መብራት ብቻ ነበር የቀራቸው። በርጩማቸው ላይ ወጥቼ ኩሽናውን፣ ኮሪደሩን፣ የአልጋቸውን ራስጌ ቀየርኩላቸው። እሳቸው በርጩማውን ይዘው ከስር ሆነው ያወራሉ። እሱ ሲመጣ የፍራፍሬ ጭማቂ ይቀዱለት እንደነበር፣ ስለ አውቶቡሱ መስመር እንደሚያጫውታቸው።

"ለምን ይህን ሁሉ አምፖል እንደገዛ ጠይቄው ነበር" አሉኝ። "ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ነጭ መብራት ስር ነው የምትውለው፤ ቤት ስትመጣ ደግሞ እሱኑ እንድታገኝ አልፈልግም አለኝ።"

ለኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ለኔ ሬሳ ያስመስላል ነው ያለኝ፣ ሙቀቱ ምን ይጎዳል ነው ያለኝ፤ እኔም ግትርነቱ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። በርጩማው ላይ ቆሜ፣ የተቃጠለውን አምፖል በእጄ ይዤ ቆየሁ። "ታክ" አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ። ካርቶኑን እንዳለ ተውኩላቸው። ደረጃውን ስወጣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ጠቅ አደረገኝ፤ ቆሜ ጠበቅሁት፣ ተመልሶ አልመጣም።

ለአማቴ ነገርኳቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። "ይናገራል እንዴ እሱ" አሉ። "አባቱም እንዲሁ ነበር። የሚያደርገውን እንጂ ምክንያቱን አያወራም።" ከዚያ ሌላ ሽንኩርት አነሡ።

ሙት ዓመቱ በመጋቢት ወጣ። ፋሲካ አለፈና አማቴ ለቀረው ዓይናቸው የቀዶ ሕክምና ቀን ደረሳቸው። ልጄ ፈቃድ ወስዳ አብራቸው ሄደች። ዓይናቸው በመከለያ ተሸፍኖ ተመለሱ፤ በማግስቱ ሲገለጥ መስኮቱ ጋ ቆመው ሰማዩን "ይሄን ያህል ሰማያዊ ነው?" እያሉ አዩት። ማታ ሲሆን እንደ ወትሮው የሳሎኑን ማብሪያ ተጫንኩላቸው። እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መብራቱ ነው፣ እማማ። የመረጡት።"

"እኔ ነኝ ይሄን የመረጥኩት?" ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ላይ አዩ። "ሰው እንዴት ከዚህ ስር ይቀመጣል? አጥፊው፣ ልጄ።"

ዓይናቸው እስኪለምድ ነው ብዬ ሳምንት ያህል ጠበቅሁ። አልለመዱትም። ብቻዬን ኩንገንስ ኩርቫ ሄጄ፣ መደርደሪያው ፊት ቆሜ፣ የቀለሙን ቁጥር አንብቤ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ የሚሰጠውን ኤልኢዲ ገዝቼ መጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ የሳሎኑን ሦስቱንም ቀየርኩ። ብርሃኑ የድሮዎቹን በትክክል አይሆንም፤ ግን ይቀመጡበታል። ነጮቹን ልጄ ወሰደቻቸው፤ የምትኖርበት ምድር ቤት ቀን እንኳ ፀሐይ ስለማይገባው ለእሷ ይሆናሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሒሳቡ ትጠይቀኛለች፤ ቀንሷል ወይ ትላለች። ቀንሷል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ቀንሷል። ስነግራት ትደሰታለች፤ ስለዚህ እነግራታለሁ።

አምፖሎቹን የቀየርኩ ቀን ደክሞኝ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። መኝታ ቤቴ አልገባሁም። አማቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዳዊታቸውን በለሆሳስ ያነባሉ፤ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። መቼ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም። ስነቃ ነጠላቸውን አልብሰውኛል፤ ጠረጴዛው ላይ እራት ቀርቧል።

"ተነሽ፣ ይቀዘቅዛል" አሉኝ።

ተነሥቼ ታጠብኩና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሽሮው ላይ ቃሪያ በዝቶበት ነበር። በዝቷል አልኳቸው። "እንኳን ታወቀሽ" አሉና እንጀራውን ወደኔ ገፉት።